በግሪድ ጨዋታ ውስጥ ተጫዋቹ በትክክል አልንቀሳቀስ ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕሮግራሚንግ የጀመረ ሰው ቶሎ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ በግሪድ ላይ የሚሄድ ጨዋታ ነው። እንደ ዳማ ሰሌዳ በቤት በቤት የተከፋፈለ ካርታ፣ በውስጡ አንድ @፣ ዙሪያውን የ# ግድግዳ። ተጫዋቹን በ@ ማሳየትን ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ሮግ የተባለ ጨዋታ ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም፤ ሉፕ፣ ሊስት፣ ሁኔታ መፈተሽና ፈንክሽን ሁሉም በአንድ ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ ይገናኛሉና። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወውም እዚሁ እንቅስቃሴው ላይ ሲደርስ ነው።

ምሳሌዎቹ በፓይተን 3 ናቸው። ፓይተን 3 የቫሪያብል ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ ካርታ፣ ረድፍ፣ ዓምድ ያልኳቸው ስሞች እንዳሉ ቢገለበጡም ይሠራሉ። ኢፍ፣ ኤልስ፣ ኦር የመሳሰሉት የቋንቋው ቃላት ግን እዚህ በድምፃቸው ተጻፉ እንጂ ኮድ ውስጥ የሚገቡት በላቲን ፊደል ነው። በየመልሱ የምንጠቀምበት ካርታ ይኸው፦

#######
#@..#.#
#.....#
#######

አራት ረድፍ፣ ሰባት ዓምድ። ቆጠራው ከ0 ስለሚጀምር @ ያለው ረድፍ 1፣ ዓምድ 1 ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ቦታ (1, 1) እያልን እንጽፋለን፤ ረድፍ ይቀድማል።

ተጫዋቼ በትክክል አይሄድም። ከየት ልጀምር?

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ያያችሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «አይሠራም» አይበቃም። «ከ(1, 1) ተነስቼ ቀኝ ስጫን አንድ ቤት ይሄዳል፤ ድጋሚ ቀኝ ስጫን ፊቱ ባዶ ሆኖ ሳለ ይቆማል» ካላችሁ ግን መንገዱን አጋምሳችኋል። የእንቅስቃሴ ስህተቶች አብዛኞቹ ከምልክታቸው ይታወቃሉ።

ቀጥሎ አንድ እርምጃ አራት ሥራዎችን እንደያዘ አስቡ፦ ቁልፉን ማንበብ፣ የሚሄድበትን ቤት ማስላት፣ እዚያ መግባት ይፈቀዳል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ከተፈቀደ ቦታውን ቀይሮ እንደገና መሣል። በጀማሪ ኮድ ውስጥ እነዚህ አራቱ ተደባልቀው ነው የሚገኙት። ረድፉ መጀመሪያ ይቀየራል፣ ግድግዳ መሆኑ ኋላ ይታወቃል፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ ተመለስ» የሚል ሌላ ኮድ ይጨመራል። ነጣጥሏቸው። አዲሱን ቦታ አዲስ_ረድፍ እና አዲስ_ዓምድ በሚሉ ሌሎች ቫሪያብሎች ውስጥ አስሉ፤ ፈቃዱ እስኪገኝ ድረስ እውነተኛዎቹን ረድፍ እና ዓምድ አትንኩ። መመለስ የሚባል ኮድ ጨርሶ አያስፈልግም።

ከተነጣጠሉ በኋላ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ መስመር ፕሪንት አድርጉ፦

ቁልፍ፦ ቀኝ | ከ (1, 1) | ወደ (1, 2) | ያለው፦ . | ይቻላል
ቁልፍ፦ ቀኝ | ከ (1, 2) | ወደ (1, 3) | ያለው፦ # | አይቻልም

ሁለተኛውን መስመር ከካርታው ጋር አስተያዩ። ቁልፉ ትክክል ነው፣ ስሌቱም ትክክል ነው፤ (1, 3) ላይ ያለው ግን ነጥብ እንጂ # አይደለም። ስለዚህ ጥፋቱ ካርታውን የሚያነበው ቦታ ላይ ነው፤ ሌላውን ኮድ ማገላበጥ አያስፈልግም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ «ያለው» የሚለው ቦታ ላይ የምታትሙት ፍተሻው የሚያነበውን ያንኑ ዋጋ መሆን አለበት። ለፕሪንቱ ብላችሁ ሌላ አገላለጽ ከጻፋችሁ ፕሪንቱ ትክክል፣ ፍተሻው ስህተት ሆኖ ያሞኛችኋል።

ባዶ ቤት ላይ ይቆማል፤ ግድግዳ ውስጥ ደግሞ ይገባል። ለምን?

ከላይ ያየነው ይኸው ነው፤ ረድፍና ዓምድ ተቀያይረዋል። ካርታው የረድፎች ሊስት ስለሆነ ትክክለኛው ንባብ ካርታ[ረድፍ][ዓምድ] ነው። ካርታ[ዓምድ][ረድፍ] ብላችሁ ከጻፋችሁ (1, 3)ን ስትጠይቁ የሚመለስላችሁ የ(3, 1) ይዘት ነው፤ እሱም የታችኛው ግድግዳ።

ነገሩን የሚያወሳስበው የሒሳብ ትምህርት ልማዳችን ነው። እዚያ ኤክስ ይቀድማል፣ ዋይ ይከተላል፤ ኤክስ ወደ ጎን፣ ዋይ ወደ ላይ። ሊስት ውስጥ ግን የሚቀድመው ረድፍ፣ ማለትም የዋይ ቦታ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው ኤክስና ዋይ የሚሉ ስሞችን በግሪድ ኮድ ውስጥ ጭራሽ አለመጠቀም ነው። ረድፍና ዓምድ ብላችሁ ከሰየማችሁ የተገለበጠው ቦታ ሲነበብ ራሱ ያስታውቃል።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው የሙከራ ካርታውን 5 በ5 ወይም 10 በ10 ያደርገዋል። እኩል ጎን ባለው ካርታ ላይ ረድፍና ዓምድ ቢቀያየሩም ኢንዴክሱ (የቦታው ቁጥር) ከክልል ስለማይወጣ ኤረር አይመጣም፤ ስህተቱ ተደብቆ ይኖራል። የሙከራ ካርታችሁ ሁልጊዜ ጎኑና ቁመቱ የተለያየ፣ ግድግዳውም ሚዛኑን ያልጠበቀ ይሁን። የእኛ 4 በ7 የሆነው፣ (1, 4) ላይም ብቻዋን የቆመች # የገባችው ለዚህ ነው።

ላይ ስል ታች ይሄዳል።

የግሪድ ረድፍ የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው። ላይ መሄድ ማለት ረድፍ - 1፣ ታች መሄድ ረድፍ + 1።

በስልክ የምትማሩ ከሆነ ሌላም ምክንያት ይኖራል። እንደ ፓይድሮይድ 3 ባለ መተግበሪያ ላይ የቀስት ቁልፍ ስለማይመች ብዙዎች በ2፣ 4፣ 6፣ 8 ቁጥሮች ያንቀሳቅሳሉ። በኮምፒውተር የቁጥር ቁልፎች ላይ 8 ከላይ፣ 2 ከታች ነው፤ በስልክ መደወያ ግን 2 ከላይ፣ 8 ከታች። ከኮምፒውተር የተጻፈ ኮድ ስልክ ላይ ስትሞክሩ የተገለበጠ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ስሌቱ ደህና ነው።

ከላይኛው ጠርዝ ሲወጣ ከታች ብቅ ይላል፤ ከታችኛው ሲወጣ ግን ፕሮግራሙ በኤረር ይቆማል። እንዴት አንዱ ብቻ?

ፓይተን ውስጥ -1 የተፈቀደ ኢንዴክስ ስለሆነ ነው፤ «የመጨረሻው» ማለት ነው። ረድፍ 0 ላይ ያለ ተጫዋች ላይ ሲል አዲሱ ረድፍ -1 ይሆናል፤ ካርታ[-1] ደግሞ የታችኛውን ረድፍ ያለምንም ቅሬታ ይሰጣችኋል። በታች በኩል ካርታ[4] የሚባል ረድፍ ስለሌለ ኢንዴክስ ኤረር ይመጣል። የሚያስፈራው ኤረሩ አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚያልፈው የመጀመሪያው ነው። ዙሪያው ሁሉ ግድግዳ የሆነ ካርታ ይህን ስህተት ይሸፍነዋል፤ አንድ ቀን ግድግዳው ላይ በር ስትከፍቱ ብቅ ይላል።

መድኃኒቱ ከግድግዳው ፍተሻ በፊት ክልሉን መፈተሽ ነው፦ 0 <= አዲስ_ረድፍ < 4፣ ለዓምዱም 0 <= አዲስ_ዓምድ < 7። 4 እና 7 ብሎ ከመጻፍ የሊስቱን ርዝመት ሌን በሚባለው ፈንክሽን መጠየቅ ይሻላል፤ ካርታው ሲቀየር ኮዱ አይቀየርምና። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሁለቱን ሁኔታዎች ኤንድ («እና») በሚለው ቃል ስታያይዙ ፓይተን የግራው ሐሰት ከሆነ የቀኙን አያየውም፤ ስለዚህ የክልሉ ፍተሻ በግራ፣ የግድግዳው በቀኝ ይሁን። ከገለበጣችሁት ኤረሩ ፍተሻው ራሱ ውስጥ ይነሳል።

ቋንቋ ስትቀይሩ ጠባዩም ይቀየራል። ጃቫ -1 ላይ ወዲያው ኤረር ያነሳል። ጃቫስክሪፕት ደግሞ ከክልል ውጭ ያለ ዓምድ ሲጠየቅ አንዲፋይንድ («ያልተወሰነ») የሚባል ዋጋ ይመልሳል፤ እሱ ደግሞ # ስላልሆነ «ግድግዳ ካልሆነ ይለፍ» የሚል ኮድ ተጫዋቹን ከካርታው ውጭ ያሰናብተዋል።

@ በሄደበት ሁሉ ምልክቱን እየተወ ይሄዳል። ሳጠፋው ደግሞ ያለፈበት በር አብሮ ይጠፋል።

ሁለቱ ስህተቶች ከአንድ ምንጭ ናቸው፦ ተጫዋቹ ካርታው ላይ ስለተጻፈ። @ን አዲስ ቤት ላይ ጽፋችሁ አሮጌውን ካላጠፋችሁ ዱካ ይቀራል። አሮጌውን በነጥብ ካጠፋችሁት ደግሞ እዚያ በር፣ ሣር ወይም ውኃ ቢኖር በነጥብ ይተካል።

እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፤ @ን ካርታው ውስጥ አታስገቡ። ካርታው መሬቱንና ግድግዳውን ብቻ ይያዝ፤ ተጫዋቹ የረድፍና የዓምድ ሁለት ቁጥሮች ይሁን። ስትሥሉ እያንዳንዱን ቤት ታልፋላችሁ፤ የተጫዋቹ ቦታ ላይ ስትደርሱ @፣ ሌላው ጋ የካርታውን ይዘት ታሳያላችሁ። የሚጠፋም የሚመለስም ነገር የለም። ጠላትና ሳንቲም ሲጨመሩም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

አንድ @ አስቀምጬ አራት @ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድረው ታዩኝ!

ካርታውን የሠራችሁት በዚህ መስመር ነው ማለት ነው፦

ካርታ = [["."] * 7] * 4

የውጭኛው * 4 አራት ረድፍ አይፈጥርም። አንዱኑ ረድፍ አራት ጊዜ ይጠቅሳል። ስለዚህ ካርታ[1][1] ሲቀየር አራቱም ረድፎች ላይ ይታያል፤ አራቱም አንድ ናቸውና። በፎር ሉፕ አራት ጊዜ እየዞራችሁ በየዙሩ አዲስ ["."] * 7 ካርታው ላይ ጨምሩ፤ ያኔ እያንዳንዱ ረድፍ ራሱን ይችላል። የውስጠኛው * 7 ችግር የለውም።

የዚህ ወንድም የሆነ ስህተት ጨዋታውን እንደገና ስትጀምሩ ይመጣል፦ የተበሉት ሳንቲሞች አይመለሱም። አዲስ_ካርታ = ካርታ ማለት ቅጂ ሳይሆን ለዚያው ካርታ ሁለተኛ ስም መስጠት ነው። ካርታ[:] ቢባልም የሚቀዳው የውጭው ሊስት ብቻ ነው፤ ረድፎቹ የድሮዎቹ ናቸው። ኮፒ ከሚባለው ሞጁል ዲፕኮፒን ተጠቀሙ። ፓይተን ቲዩተር የተባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ኮዱን ብታስገቡ አራቱ ረድፎች ወደ አንድ ሊስት ሲጠቁሙ በቀስት ይሥልላችኋል፤ ይህን ነገር በቃል ከማስረዳት አንዴ ማየቱ ይበልጣል።

የትኛውንም ቁልፍ ብጫን ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል።

ሁኔታችሁ ይህን ይመስላል፦ ኢፍ ቁልፍ == "ላይ" ኦር "8"። ፓይተን ይህን የሚያነበው «ቁልፍ ከ"ላይ" ጋር እኩል ነው፣ ወይም "8"» ብሎ ነው። ባዶ ያልሆነ ጽሑፍ ሁሉ እንደ እውነት ስለሚቆጠር ሁኔታው ሁልጊዜ እውነት ይሆናል። በሁለቱም ወገን ቁልፍ == ብላችሁ ድገሙት።

ቁልፍ ስጫን ጭራሽ ምንም አይፈጠርም።

በመጀመሪያ ኪቦርዳችሁ አማርኛ ላይ አለመሆኑን እዩ። የፊደላችንን ኪቦርድ ከፍታችሁ የደብልዩን ቁልፍ ስትጫኑ ፕሮግራሙ የሚቀበለው «ው» ነው፤ እሱን የሚጠብቅ ኢፍ ደግሞ የለም። ኮሜንት በአማርኛ ስንጽፍ ቆይተን ጨዋታውን ስናስነሳ ኪቦርዱን መመለስ በቀላሉ ይረሳል። ከዚያ ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ በኢንፑት ሲነበብ ደግሞ ከፊት ወይም ከኋላ የገባ ባዶ ቦታ ይፈተሻል። ስትሪፕ እና ሎወር የሚባሉት ፈንክሽኖች ሁለቱንም ያጸዱላችኋል። የተቀበላችሁትን ሬፕር በሚባለው ፈንክሽን ፕሪንት ካደረጋችሁት በትእምርተ ጥቅስ ተከብቦ ስለሚታይ የተደበቀ ባዶ ቦታ ይጋለጣል።

ቁልፉ ተነቦ፣ ቦታውም ተቀይሮ፣ ስክሪኑ ብቻ የቆመ ከሆነ ግን ከቀየራችሁ በኋላ እንደገና አልሣላችሁም። ፓይጌም በሚባለው የፓይተን የጨዋታ መሥሪያ ላይ ከሥዕሉ በኋላ ፍሊፕ መጠራት አለበት። የመነሻው ረድፍ = 1 የሚለው መስመር በስህተት ሉፑ ውስጥ ገብቶ ከሆነም ተጫዋቹ በየዙሩ ወደ መነሻው ይመለሳል።

ቀኝ ብቻ አይሄድም፤ ኤረርም የለም።

ቫሪያብሎቹን በአማርኛ ከሰየማችሁ ሆሄውን እዩ። ዓምድ እና አምድ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለፓይተን ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች። አምድ = ዓምድ + 1 የሚል መስመር ሌላ አዲስ ቫሪያብል ፈጥሮ ዝም ይላል፤ ተጫዋቹ የሚታወቅበት ዓምድ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ ሁሉ እንዲሁ ናቸው። አንዱን መርጣችሁ ጽኑበት፤ ስሙንም ደግሞ ከመጻፍ መገልበጥ ይሻላል።

ሮቦቴን «ወደ ቀኝ ዙር» ስለው ከየትም ይነሳ ሁልጊዜ ሰሜን ዞሮ ይገኛል።

በጣም የምወደው ስህተት ነው፤ ኢፍ እና ኢሊፍን የሚለየውን ነገር ከማንኛውም ማብራሪያ በተሻለ ያሳያል። ኮዱ እንዲህ ነው፦ ሰሜን ከሆነ ምሥራቅ አድርገው። ምሥራቅ ከሆነ ደቡብ አድርገው። ደቡብ ከሆነ ምዕራብ። ምዕራብ ከሆነ ሰሜን። አራቱም በኢፍ ከተጻፉ እያንዳንዱ የሚፈትሸው ከእሱ በላይ ያለው የቀየረውን አዲሱን ዋጋ ነው። ሰሜን የነበረው ምሥራቅ ይሆናል፣ ወዲያው ደቡብ፣ ወዲያው ምዕራብ፣ ወዲያው ሰሜን። ከምሥራቅም ከደቡብም ብትነሱ መጨረሻው ሰሜን ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ኢሊፍ ሲሆኑ አንዱ ከሠራ የቀሩት ይታለፋሉ።

የተሻለው ግን አቅጣጫዎቹን 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብሎ ሰይሞ (አቅጣጫ + 1) % 4 ማለት ነው፤ % ሲካፈል የሚተርፈውን ይሰጣል። ለግራ (አቅጣጫ + 3) % 4 በሉ እንጂ - 1 አትበሉ። ፓይተን ላይ -1 % 4 ውጤቱ 3 ነው፤ በጃቫ፣ በጃቫስክሪፕትና በሲ ግን -1 ይሆንና አቅጣጫው ከክልል ይወጣል።

ቁልፉን ነካ አድርጌ ብለቀውም አምስት ስድስት ቤት ይዘላል።

ቁልፉ ተይዟል ወይ ብላችሁ በየፍሬሙ፣ ማለትም ስክሪኑ በተሣለ ቁጥር፣ ስለምትጠይቁ ነው። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም የሚዞር ከሆነ ለ0.1 ሰከንድ የቆየ ንክኪ ስድስት ጊዜ ይቆጠራል። ፓይጌም ላይ ጌት ፕሬስድን ትታችሁ ኪይዳውን የሚባለውን ኢቨንት ጠብቁ፤ በአንድ ንክኪ አንዴ ብቻ ይመጣል። ብራውዘር ላይ ግን ቁልፉ ተይዞ ከቆየ ይኸው ኢቨንት እየተደጋገመ ስለሚመጣ ሪፒት የሚለውን ባሕርይውን ማየት ያስፈልጋል። ተይዞ እያለ በዝግታ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ ያለፈው እርምጃ የተወሰደበትን ሰዓት ያዙና 150 ሚሊሰከንድ ያህል ሳያልፍ ቀጣዩን አትፍቀዱ።

ፈንክሽኑ ውስጥ ረድፉ ይቀየራል፤ ስወጣ ግን የድሮው ነው።

ፈንክሽን የተቀበለው ቁጥር የራሱ ነው፤ ውስጥ ሲቀየር የውጭው አይነካም። አዲሶቹን ሁለት ቁጥሮች በሪተርን መልሱና ሲጠራ ተቀበሉት፦ ረድፍ፣ ዓምድ የሚሉት ከእኩል ምልክቱ በግራ ይቀመጣሉ። ግሎባል ማለትም ይሠራል፤ ነገር ግን ሁለተኛ ተጫዋች ወይም ጠላት ስትጨምሩ ያስቸግራችኋል።

ኢንዴክሱ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) መሆን አለበት የሚል ታይፕ ኤረር መጣብኝ።

ፒክስልን በቤት ስፋት ስታካፍሉ በ/ ተጠቅማችኋል። የቤቱ ስፋት 32 ፒክስል ከሆነ 96 / 32 ውጤቱ 3.0 ነው፤ 96 // 32 ግን 3። ከዚህም የሚሻለው የተጫዋቹን ቦታ ሁልጊዜ በቤት ቁጥር መያዝ፣ በ32 ማባዛቱን ደግሞ ለመሣያዋ መስመር ብቻ መተው ነው።

ሣጥን የሚገፋ ተጫዋች እየሠራሁ ነው። ሣጥኑ ግድግዳ ውስጥ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓን ውስጥ የወጣው ሶኮባን የሚባለው ጨዋታ ሕግ ይህ ነው፦ ተጫዋቹ ይገፋል እንጂ አይጎትትም፤ የሚገፋውም አንድ ሣጥን ብቻ ነው። ስለዚህ የፈቃዱ ጥያቄ ሁለት ቤት ድረስ ያያል። ፊት ለፊት ያለው ሣጥን ከሆነ ከሣጥኑ ኋላ ያለውን ቤት ጠይቁ፤ እሱ ባዶ ካልሆነ፣ ግድግዳም ይሁን ሌላ ሣጥን፣ እርምጃው በሙሉ ይቀራል። ከተፈቀደ መጀመሪያ ሣጥኑን፣ ቀጥሎ ተጫዋቹን አንቀሳቅሱ። የእርምጃውን ልዩነት፣ ለምሳሌ ለቀኝ (0, 1)ን፣ በቫሪያብል ከያዛችሁ ሁለተኛው ቤት ያንኑ ልዩነት እንደገና በመደመር ይገኛል፤ ለአራቱ አቅጣጫ አራት ጊዜ መጻፍ የለም።

ከፕሪንት ሌላ ምን መሣሪያ አለ?

ለጀማሪ ቶኒ የሚባለውን አርታኢ እመክራለሁ። ኢስቶኒያ ውስጥ በታርቱ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ሲሆን ኮዱን መስመር በመስመር እያስኬደ የቫሪያብሎቹን ዋጋ ጎን ለጎን ያሳያል። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ደግሞ ብሬክፖይንት የሚለውን ፈንክሽን ኮዱ መሃል ብትጠሩ ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ሁሉንም ሞክሬ አልተገኘም። ሰው ስጠይቅ ምን ልላክ?

ስህተቱ የሚታይበትን ትንሹን ካርታ፣ ከመነሻው ጀምሮ የተጫናችኋቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተል፣ የት ይደርሳል ብላችሁ እንደጠበቃችሁና የት እንደደረሰ። ኤረር ካለ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር ሙሉውን ገልብጡት፤ ዋናው ነገር ያለው የመጨረሻው መስመር ላይ ነው። ኮዱን በፎቶ አትላኩ፤ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚረዳችሁ ሰው ራሱ እንዲያስኬደው። ቴሌግራም ላይ የምትልኩት ከሆነ በፋይል መልክ አያይዙት፤ እንደ ተራ መልእክት ሲገለበጥ የመስመሮቹ መነሻ ክፍተት ሊዛባ ይችላል፤ ፓይተን ደግሞ ያለዚያ ክፍተት አይነበብም።